ስለ ቤት ጠባቂ ካሜራና ስለ ሰዓቱ



ለዚህ ዓመት መጽሔታችን አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በተጠየቅሁ ጊዜ የክፍል ጓደኞቼ አርእስቱን ሁሉ ተከፋፍለው ጨርሰው ነበር። አንዱ ስለ ሶፍ ዑመር ዋሻ፥ ሌላው ስለ ሳነቴ አምባና ስለ ቀይ ቀበሮ፥ አንዷም ስለ ሐረና ጫካ ቡና ይጽፋሉ። እኔ ግን ከግቢያችን አጥር ወዲያ አልሄድም። የምጽፈው እዚሁ ሮቤ በቤታችን ውስጥ ሁለት ካሜራዎችን ከአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ጋር አገናኝቼ ስላቆምሁት የጥበቃ መሣሪያ፥ ስለ አሠራሩም፥ ደግሞም በእርሱ ሰበብ አንድን ንጹሕ ሰው ከእንጀራው ልናፈናቅል ጥቂት ስለ ቀረን ነገር ነው።

አባቴ የእህል ነጋዴ ነው። ባሌ የስንዴና የገብስ አገር መሆኑን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። መኸር በተሰበሰበ ጊዜ በጓሯችን ያለው መጋዘን እስከ ጣራው ይሞላል። ግቢውን የሚጠብቁልን አንድ ሽማግሌ ዘበኛ አሉ፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገብተው ከንጋቱ 12 ሰዓት ይወጣሉ። ከዚያ በፊት ያለውን ሰዓት ጠባቂዎቹ እኛው የቤት ልጆች ነን። ጠባቂ እንባል እንጂ፥ እውነቱን ለመናገር፥ በዚያ ሰዓት ሁላችንም እራት ላይ ወይም ቴሌቪዥን ፊት ነን። ባለፈው ዓመት ገብሱ በገባ በሳምንቱ አባቴ ጆንያ ሲቆጥር ሁለት ጎደለው። ማንንም አልከሰሰም፤ ነገር ግን በማግሥቱ ካሜራ ሊገዛ ወጣ። ለሙሉ ዕቃው የተጠየቀው ዋጋ ከጠፋው ገብስ ዋጋ የበለጠ ሆኖ ስላገኘው ባዶ እጁን ተመለሰ። እኔም «ካሜራዎቹን ብቻ ግዛልኝ፤ የሚቀዳውን መሣሪያ እኔ እሠራዋለሁ» አልሁት። ብዙ ተከራክረን ፈቀደ።

በመሠረቱ ቤትን በካሜራ መጠበቅ አዲስ ነገር አይደለም። በኒውዮርክ ከተማ በኩዊንስ ሰፈር ትኖር የነበረች ሜሪ ቫን ብሪታን ብራውን የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ነርስ፥ ደጇን ማን እንደሚያንኳኳ በሩን ሳትከፍት ለማየት አስባ ካሜራና ቴሌቪዥን ያገናኘ መሣሪያ አዘጋጀች። ከባሏ ከአልበርት ብራውን ጋር በ1966 እ.ኤ.አ. አመልክታ በ1969 የፈጠራ መብት ተሰጣት። በበሩ ላይ በልዩ ልዩ ቁመት የተበሱ አራት ቀዳዳዎች ነበሩ፤ ካሜራውም ረጅሙንም አጭሩንም ሰው ለማየት ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ይንሸራተት ነበር። በ1991 እ.ኤ.አ. ደግሞ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሰዎች የቡናው ማፍያ ባዶ ሆኖ እያገኙት በከንቱ መመላለስ ቢሰለቻቸው፥ በማፍያው ላይ ካሜራ ደግነው ሥዕሉን በኮምፒዩተራቸው ያዩት ጀመር። ቡና ለሰው ያላሠራው ነገር የለም።

እኔ የተጠቀምሁበት ፕሮግራም ዞንማይንደር ይባላል። ይህንንም የወለደው ስርቆት ነው። ፊሊፕ ኩምስ የሚባል ሰው ከጋራዡ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎቹን ቢሰርቁት፥ ሌባውን ለማየት ሲል ጽፎት በ2002 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ አወጣው። ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ «ነፃ» ሲባል ግን ገንዘብ የማይከፈልበት ማለት ብቻ አይደለም። የፕሮግራሙ ጽሕፈት ለማንም ክፍት ስለ ሆነ የፈለገ ሰው ሊያነበው፥ ሊያርመው፥ አባዝቶም ለጎረቤቱ ሊሰጠው ይችላል። ይህን አሳብ ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ በ1983 እ.ኤ.አ. ዐወጀ፤ በ1991 ደግሞ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት እምብርት ጻፈ። ያን ጊዜ ዕድሜው 21 ዓመት ነበር፤ ከእኔ በሦስት ዓመት ቢበልጥ ነው። ይህን ባሰብሁ ቁጥር አፍራለሁም፥ እበረታለሁም።

ወደ ሥራው ልመለስ። የተገለገልሁበት ኮምፒዩተር ሰው የጣለው ያህል ያረጀ ነው፤ የማስታወሻ አቅሙ 4 ጊጋባይት፥ ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋባይት ነው። በእርሱ ላይ ደቢያን የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ከፍላሽ ጫንሁ። ቀጥሎም ዞንማይንደርን፥ የክስተቶቹን መዝገብ የሚይዝለትን ማሪያዲቢንና ሥዕሉን በማንኛውም ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ለማየት የሚያስችለውን አፓቼን አስገባሁ። ካሜራዎቹ በኔትወርክ ኬብል የሚሠሩ ናቸው፤ ኬብሉ ኤሌክትሪኩንም ሥዕሉንም በአንድነት ስለሚያመላልስ በየካሜራው ሥር ሶኬት መትከል አላስፈለገኝም። ማስታወስ የሚያስፈልገው የአንዱ ኬብል ርዝመት ከ100 ሜትር እንዳያልፍ ነው። ካሜራ የምትገዙ ብትኖሩ አርቲኤስፒና ኦንቪፍ የተባሉትን ቋንቋዎች መናገሩን ጠይቁ። እነዚህን የማይናገር ካሜራ ከራሱ ፋብሪካ ፕሮግራም በቀር ለማንም አይታዘዝም። ኦንቪፍ በ2008 እ.ኤ.አ. የስዊድኑ አክሲስ፥ የጀርመኑ ቦሽና የጃፓኑ ሶኒ የካሜራዎቻቸውን መግባቢያ አንድ ለማድረግ የመሠረቱት ማኅበር ነው።

ካሜራዎቹን በሰቀልሁበት ቀን መሰላሉን የያዙልኝ ዘበኛችን ነበሩ። አንዱን በመጋዘኑ በር ትይዩ፥ ሁለተኛውን ወደ ውጭ በር አቅጣጫ ከጣራው ክፈፍ ሥር አደረግነው። ከላይ ሆኜ ምስማሩን ስመታ «ልጄ፥ ይህ ነገር የሚጠብቀው ሌባውን ነው ወይስ እኔን?» ብለው ጠየቁኝ። «አባባ፥ እርስዎን የሚያግዝ ነው» አልኋቸው። መልሴ ትክክል መስሎኝ ነበር።

አሁን ኮምፒዩተሩ እንቅስቃሴን እንዴት እንደሚያውቅ ላስረዳ፤ ከነገሩ ሁሉ ደስ ያሰኘኝ ይህ ነውና። አንድ እረኛ በየቀኑ የሚያየውን ኮረብታ በልቡ ያውቀዋል፤ ድንጋዩም ቁጥቋጦውም የት እንዳለ ያውቃል። ትናንት ያልነበረ ጥቁር ነጥብ ባየ ጊዜ ወዲያው ይነቃል። ዞንማይንደርም እንዲሁ ያለፉትን ሥዕሎች እያቀላቀለ አንድ የመነጻጸሪያ ሥዕል ይይዛል። አዲስ ሥዕል በመጣ ቁጥር ነጥብ በነጥብ ከዚያ ጋር ያስተያየዋል። የተለወጡት ነጥቦች ብዛት እኛ ከወሰንነው መጠን ካለፈ «ክስተት» ብሎ መቅዳት ይጀምራል። የመነጻጸሪያው ሥዕል ቀስ በቀስ ስለሚታደስ የፀሐይዋ ጥላ ሲዞር አይደነግጥም፤ ሰው ግን ከጥላ ይፈጥናልና ይያዛል። ከዚህም በላይ ከክስተቱ በፊት ያሉትን ጥቂት ሥዕሎች በማስታወሻው ስለሚያቆይ ሰውየው ከወዴት እንደ መጣ ጭምር ይታያል።

ይሁን እንጂ በመጀመሪያዪቱ ሌሊት ከ300 በላይ ክስተቶች ቀድቶ አደረ፤ አንድም ሌባ አልነበረባቸውም። የሮቤን ሌሊት ታውቁታላችሁ። ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብለን፥ በስተ ደቡብ ደግሞ 4,377 ሜትር የሚደርሰው ቱሉ ዲምቱ ያለበት የሳነቴ አምባ ነፋሱን እየላከብን፥ ጉሙም ውርጩም እኛው ዘንድ ያድራል። የካሜራው የሌሊት መብራት በጉሙ ላይ ሲያርፍ ሥዕሉ ሁሉ ወተት ይሆናል። አንዲት ሸረሪትም የመብራቱ ሙቀት ተመችቷት በመስተዋቱ ፊት ድሯን አደራች፤ ድሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ኮምፒዩተሩ ሰው መጣ ይላል። ባሕር ዛፉም አላረፈም። መድኃኒቱ «ዞን» የሚባለው ነው። በሥዕሉ ላይ የመጋዘኑን በርና የሚያስገባውን መንገድ ብቻ ከልዬ ባሕር ዛፉን ከክልሉ ውጭ አደረግሁት፤ የሚለወጠውም ቦታ ከውሻ መጠን ያነሰ እንደ ሆነ ዝም እንዲል አዘዝሁት። ለሸረሪቷ ግን ፕሮግራም አልተገኘላትም፤ በየሳምንቱ በመጥረጊያ አነሣታለሁ።

ስለ ማስቀመጫው ቦታ ደግሞ ጥቂት ሒሳብ አለ። አንዱ ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ይልካል። አንድ ባይት 8 ቢት ስለ ሆነ ይህ በሰከንድ ሩብ ሜጋባይት ማለት ነው። በቀን 86,400 ሰከንድ ስላለ አንዱ ካሜራ በቀን 21.6 ጊጋባይት፥ ሁለቱ 43.2 ጊጋባይት ይወስዳሉ። ስለዚህ ሌት ተቀን ቢቀዱ 500 ጊጋባይቱ በ11 ቀን ገደማ ያልቃል። እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ እንዲቀዳ ሳደርገው ግን ከወር በላይ አቆየልኝ። ዲስኩ ከመቶ 95 እጅ ሲሞላ ፕሮግራሙ ራሱ የቆዩትን እየሰረዘ ለአዲሶቹ ቦታ ያስለቅቃል፤ «ይቀመጥ» ተብሎ ምልክት የተደረገበትን ክስተት ብቻ አይነካም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ይመጣል።

የተጨነቅሁበት ሌላው ነገር ጠባቂው ራሱ እንዳይሰረቅ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለ ክፉ ፕሮግራም ከፋብሪካ የመጣ የይለፍ ቃላቸው ያልተለወጠ ብዙ ካሜራዎችንና የኔትወርክ ዕቃዎችን በዓለም ዙሪያ ማርኮ በእነርሱ ኀይል ታላላቅ የኢንተርኔት አገልግሎቶችን አንቆ ነበር። የካሜራዎቹ ባለቤቶች በአብዛኛው ምንም አላወቁም። ይህን ካነበብሁ በኋላ የይለፍ ቃሎቹን ለወጥሁ፤ በዚያም ሳልረካ ካሜራዎቹ ከኮምፒዩተሩ ጋር ብቻ እንዲነጋገሩና ወደ ኢንተርኔት ከቶ እንዳይወጡ መንገዱን ዘጋሁባቸው። በዚህ ጥንቃቄዬ በጣም ኮርቼ ነበር።

የጎረቤትም ነገር አለ። የውጭው ካሜራ የጎረቤታችንን የእማማን ደጅ ያሳይ ነበር። የአገራችን ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የማንም ሰው የግል ሕይወት የተከበረ መሆኑን ይደነግጋል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321ም ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የሚናገር ነው። ሕጉስ ባይኖር እማማ ጠዋት ነጠላቸውን ሳያደርጉ ውኃ ሲደፉ ማየት ለእኔ ምን ይረባኛል? በካሜራው ቅንብር ውስጥ ያንን ማዕዘን በጥቁር መጋረጃ ሸፈንሁና ሄጄ ሥዕሉን አሳየኋቸው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። በጥር ወር አንድ ጠዋት አባቴ ቆጥሮ አንድ ጆንያ ገብስ እንደገና ጎደለው። እኔ ትምህርት ቤት ነበርሁ፤ እርሱ ግን ካስተማርሁት ወዲህ መሣሪያውን ብቻውን ማየት ይችል ነበር። በሥዕሉም አገኘው፤ ባርኔጣ ያጠለቀ፥ ጋቢ የደረበ ሰው ጆንያ ተሸክሞ ከመጋዘኑ በር ሲወጣ ይታያል። በሥዕሉ ጥግ ላይ 01:40 የሚል ቁጥር አለ። ኮምፒዩተር ቀኑን ከእኩለ ሌሊት እንደሚጀምርና በእኛ አቆጣጠር ለማንበብ ስድስት ሰዓት ማፋለስ እንደሚያስፈልግ አስረድቼው ነበርና፥ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ40 መሆኑን ራሱ አሰላ። ስሌቱ ትክክል ነው። ያ ሰዓት ደግሞ የዘበኛችን ሰዓት ነው።

አስጠራቸው። የሆነውን እናቴ ነገረችኝ።

«አባባ፥ ዛሬ ሌሊት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ40 የት ነበሩ?»

«እዚሁ፤ እሳቴ አጠገብ።»

«ተኝተው ነበር?»

«አልተኛሁም።»

አባቴ ሥዕሉን አሳያቸው። ሦስት ጊዜ ደጋግመው አዩና «ይህን ሰው እኔ አላየሁትም» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። አባቴም የወሩን ሒሳብ ሰጣቸውና ማታ እንዳይመጡ ነገራቸው። ዘጠኝ ዓመት ጠብቀውናል።

ከትምህርት ቤት ተመልሼ ይህን ስሰማ መጀመሪያ የተሰማኝ፥ ሳልደብቅ ልናገር፥ የሠራሁት መሣሪያ ስለ መሥራቱ ደስታ ነበር። እንዳይሰረዝ ብዬ በክስተቱ ላይ «ይቀመጥ» የሚለውን ምልክት ላደርግበት ዝርዝሩን ከፈትሁ። በዝርዝሩ ላይ ግን ከ01:40 አጠገብ የተመዘገበ ነገር የለም። ያ ባለባርኔጣ ሰው የተመዘገበው 20:40 ላይ ነው። ሥዕሉን ስከፍተው በጥጉ 01:40 ይላል። አንድ ክስተት፥ ሁለት ሰዓት!

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀብኝም። በሥዕሉ ላይ የሚታተመውን ሰዓት የሚጽፈው ካሜራው በራሱ ሰዓት ነው፤ በዝርዝሩ ላይ የሚገባውን ደግሞ ኮምፒዩተሩ በራሱ ሰዓት ይመዘግባል። ከሁለቱ ማን እንደ ዋሸ ለማወቅ ስልኬን ይዤ በካሜራው ፊት ቆምሁ። ስልኬ 16:10፥ ማለትም ከቀኑ 10 ሰዓት ከ10 ይላል፤ ኮምፒዩተሩም ያንኑ ይላል፤ ካሜራው ግን 21:10 ብሎ ጻፈብኝ። ልዩነቱ ልክ አምስት ሰዓት ነው። ካሜራው የተሠራው በቻይና ነው፤ የቻይና ሰዓት ከግሪንዊች በ8፥ የእኛ በ3 ሰዓት ይቀድማል። ከፋብሪካው እንደ ወጣ በቤጂንግ ሰዓት ይኖር ነበር ማለት ነው። ሌላው ካሜራ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ጠይቆ ያስተካክላል፤ የእኔ ግን የዞኑን ቁጥር ሳላይ አልፌ፥ መንገዱንም ራሴ ዘግቼበት ነበር።

ሌላም ማስረጃ በሥዕሉ ውስጥ ነበር፤ ያላየነው ስላልፈለግነው ነው። ከሌባው ኋላ በአጥሩ ማዶ ባጃጅ ሁለት ጊዜ ያልፋል፤ የእማማም ሱቅ መብራት በርቷል። በሰፈራችን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ40 የሚሄድ ባጃጅ የለም፤ የእማማ ሱቅም ከምሽቱ 3 ሰዓት ይዘጋል። ስለዚህ ጆንያው የወጣው ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ40 ነው። ዘበኛችን ያን ጊዜ ገና ከቤታቸው አልተነሡም። ግቢውን የመጠበቅ ተራው የእኔ ነበር፤ እኔም ከመጋዘኑ 15 ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ እራቴን እበላ ነበር።

ለአባቴ ይህን መንገር ከፈተና ይከብዳል። ስልኬን ይዞ ራሱ በካሜራው ፊት ቆመና ሁለቱን ቁጥሮች አየ። ከዚያ ኮቱን ለበሰና «ና፥ ቤታቸውን ታሳየኛለህ» አለኝ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ቤታቸውን አላወቀውም ነበር። በእግራችን ሄድን። ደጃፋቸው ላይ ቆሞ «አባባ፥ አጥፍቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» አላቸው። እርሳቸውም «ሰዓቱ ነው እንጂ የተሳሳተው፥ እናንተ ምን አጠፋችሁ» ብለው ግቡ አሉን። ሰዓቱን ማስተካከል የማን ሥራ እንደ ነበረ እኔ አውቃለሁ፤ በዚያ ምሽት የቀረበልኝን ቡና አንገቴን ደፍቼ ጠጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ያደረግሁትን ማረሚያ፥ ተመሳሳይ ሥራ የሚያስብ ሰው እንዲጠቀምበት ልጻፈው። በካሜራዎቹ ላይ የሰዓት ዞኑን ወደ አዲስ አበባ ለወጥሁ። መንገዱን ወደ ኢንተርኔት ሳልከፍት፥ ክሮኒ በተባለ ሌላ ነፃ ፕሮግራም ኮምፒዩተሩ ራሱ ለካሜራዎቹ ሰዓት ነጋሪ እንዲሆን አደረግሁት፤ ካሜራዎቹም እየደጋገሙ እርሱን ይጠይቃሉ። የኮምፒዩተሩን እናት ሰሌዳ ባፈርስ የሰዓቱ ክብ ባትሪ ሞቶ አገኘሁት፤ መብራት ጠፍቶ ኢንተርኔትም በሌለበት ቀን እርሱም ይዋሽ ነበር ማለት ነው፤ ለወጥሁት። የመጋዘኑንም ካሜራ ከጣራው ክፈፍ አውርጄ 2 ሜትር ተኩል ላይ ሰቀልሁት፤ ከፍ ያለ ካሜራ ግቢውን ሁሉ ያያል፥ ከሰው ግን ባርኔጣውን እንጂ ፊቱን አያሳይም። በዚሁ ምክንያት ሌባው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት መጋዘኑን የምንጠብቀው አሁን እኔና ታናሽ ወንድሜ በተራ ነን፤ እራት በኋላ ይደርሳል።

ዘበኛችን በማግሥቱ ማታ ተመለሱ። የክንድ ሰዓት አላቸው፤ በእኛ አቆጣጠር የሚሄድ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሲገቡ መጀመሪያ በመጋዘኑ ካሜራ ፊት ይቆሙና እጅጌያቸውን ሰብስበው ሰዓታቸውን ወደ ላይ ያሳያሉ። እኔም ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ያንን ሥዕል እከፍትና፥ በክንዳቸው ላይ 3 ሰዓት፥ በሥዕሉ ጥግ 21:00፥ በዝርዝሩም 21:00 መሆኑን አያለሁ። ባለፈው ሳምንት በሁለት ደቂቃ ተለያይተው ነበር፤ የዘገየው የእርሳቸው ሰዓት ሆኖ ተገኘ። ነገርኋቸው፤ አልተቀበሉኝም።